ባለ ሦስት እግሯ እንግዳችን፦ ስለ ውሻዋ ጉብኝት ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ደሴ በሚገኘው መዋዕለ ሕፃናታችን፣ ዝናቡ ካባራበት ከጥቅምት ጀምሮ፣ ሦስት እግር ያላት ውሻ ከባለቤቷ ጋር እየመጣች ከ4 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ትጎበኛለች። ስሟ ዳማ ነው። ወላጆች በር ላይ፣ በስልክና በስብሰባ መካከል ያነሷቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ጥያቄዎቹን አላለሳለስናቸውም፤ በተጠየቅንበት ቃል ነው ያስቀመጥናቸው።

ልጄን የላክሁት ፊደል እንዲቆጥር ነው። ውሻ ምን ያስተምረዋል?

ፊደሉ አልቀረም፤ ዳማ የምትመጣው በጨዋታ ሰዓት ነው። ይህን ዕድሜ የመረጥነው ግን በምክንያት ነው። ሌላው ሰው እሱ የሚያውቀውን ላያውቅ እንደሚችል ልጅ መረዳት የሚጀምረው በ4 ዓመቱ አካባቢ ነው። ሃይንዝ ቪመርና ዮሴፍ ፐርነር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት ጥናት ይህን በቀላል ታሪክ ፈትነውታል። ማክሲ የሚባል ልጅ ቸኮሌቱን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ሊጫወት ይወጣል፤ እናቱ ወደ ሌላ ቁም ሳጥን ታዛውረዋለች። ማክሲ ሲመለስ ቸኮሌቱን የት ይፈልጋል? ትንንሾቹ ልጆች ቸኮሌቱ አሁን ያለበትን ቁም ሳጥን ያሳያሉ፤ እነሱ ያዩትን ማክሲም ያየ ይመስላቸዋል። ዕድሜያቸው ከፍ ሲል ግን ማክሲ እሱ ራሱ ባስቀመጠበት እንደሚፈልግ ይገባቸዋል። የእኛ ልጆች የሚገኙት ልክ በዚህ መሻገሪያ ላይ ነው።

ውሻ ለዚህ ልምምድ ትመቻለች፤ አትናገርምና። ልጁ ጆሮዋንና ጅራቷን አይቶ፣ ባለቤቷንም ጠይቆ፣ አሁን መነካት ትፈልግ እንደሆነ መለየት አለበት። ከጉብኝቱ የምንጠብቀውም ይኸው ነው፦ ልጁ ከመንካቱም ከመርዳቱም በፊት መጠየቅን እንዲለምድ። ማዘንማ የወሎ ልጅ ከቤቱ ይዞት ይመጣል።

የቴራፒ ውሻ የሚባለው ዓይነ ስውራንን የሚመራው ነው?

አይደለም። መሪ ውሻ ለረጅም ጊዜ ሠልጥኖ ለአንድ ሰው የሚሠራ ነው፤ ሥራ ላይ እያለ መንገደኛ ሊደባብሰው አይገባም። የመጀመሪያው የመሪ ውሾች ማሠልጠኛ በጀርመኗ ኦልደንቡርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1916 የተከፈተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓይናቸውን ላጡ ወታደሮች ነበር። የቴራፒ ውሻ ግን ከባለቤቱ ጋር እየዞረ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤትና የአረጋውያን መኖሪያ የሚጎበኝ፣ ብዙ ሰው የሚደባብሰው ውሻ ነው። ነገሩን በጽሑፍ ካስተዋወቁት መካከል ቦሪስ ሌቪንሰን የተባለ በኒው ዮርክ ይሠራ የነበረ የልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያ ይገኝበታል። ከሰው ጋር መነጋገር የከበደው አንድ ልጅ ከሌቪንሰን ውሻ ከጂንግልስ ጋር ሲጫወት አይቶ እ.ኤ.አ. በ1962 ጽሑፍ አሳተመ።

ዳማ የሕክምና ሥራ የላትም፤ የውጭ አገር የምስክር ወረቀትም የላትም። ወደ ልጆቹ ከመቅረቧ በፊት ግን ፈትነናታል። ትሪ ከኋላዋ ጥለን አስጮኽን፣ ክራንች አጠገቧ አስኬድን፣ ባለቤቷ ጅራቷን ሳብ አደረገ፣ አንዲት መምህርት እንደ ሕፃን እሪ አለች (ይህችን ክፍል ጥበቃው እስካሁን ያነሣባታል)። ዳማ ትሪው ሲወድቅ ዞር ብላ አይታ መልሳ ተኛች።

ባለ አራት እግር ውሻ ጠፍቶ ነው?

አልጠፋም፤ እሷን ፈልገን ነው። የኋላ ግራ እግሯን ያጣችው ገና ቡችላ ሳለች ባጃጅ ገጭቷት ነው። ልጆቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት "ያማታል?" ብለው ነው፤ ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል፤ አያማትም። ቀጥሎ "ይበቅላል?" ይላሉ፤ አይበቅልም። ሁለቱንም በአጭሩ እንመልሳለን። ልጅን የሚያስፈራው እውነቱ ሳይሆን የአዋቂው መሸፋፈን ነው።

ለምን እሷን እንደፈለግን ለመረዳት የመጀመሪያውን ቀን ማየት ይበቃል። ከግቢው ወደ በረንዳው የሚያወጣ ደረጃ አለ። ዳማ ደረጃው ሥር ስትደርስ ልጆቹ "እናንሣት! እናንሣት!" እያሉ ተሯሯጡ። ባለቤቷ እጁን ዘርግቶ "ቆይ፣ መጀመሪያ እንይ" አላቸው። ዳማ የፊት እግሮቿን ደረጃው ላይ አኖረች፣ ወገቧን ሰበቀች፣ በአንዷ የኋላ እግሯ ተስፈንጥራ ወጣች። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። በረንዳው ላይ ስትደርስ ግን የተወለወለው ሴራሚክ አንሸራትቷት በጎኗ ወደቀች። ተነሣች፤ ደግማ ወደቀች። ሁሉም ዝም ባለበት አንዲት የአምስት ዓመት ልጅ "ወለሉ ነው እኮ!" አለች። ጥበቃው ከዕቃ ቤት ጆንያ አመጣ፤ ልጆቹ እየጎተቱ ከደረጃው እስከ ምንጣፉ አነጠፉት፤ ዳማም በጆንያው ላይ ቀጥ ብላ ሄደች። አሁን ጆንያ ማንጠፍ የልጆቹ ተራ ሥራ ነው፤ ለተራው የሚጣሉበት ቀን አለ።

መምህር ቆሞ ቢያስረዳ ይህን ያህል አይገባቸውም ነበር። ደረጃው ላይ እርዳታ አላስፈለጋትም፤ ወለሉ ላይ ያስቸገራት እግሯ ሳይሆን ሴራሚኩ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ከተሽከርካሪ ወንበር የሚሰፋ ካርቶን ሰጥተናቸው የግቢውን በሮች ሁሉ እንዲለኩ አደረግን። የመጸዳጃ ቤታችን በር ካርቶኑን አላሳለፈም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች እንዲመቹ ያዛል፤ አዋጁን ያላነበቡ ልጆች ጉድለቱን በካርቶን አገኙት። በሩን ለማስፋት ከአናጺ ጋር ተነጋግረናል።

አካል ጉዳተኛን ሰው ከውሻ ጋር ማነጻጸር ነውር አይደለም?

ነውር ነው። ይህን ጥያቄ ያነሡት በክራንች የሚሄዱ አንድ አባት ናቸው፤ ከተጠየቅነው ሁሉ የከበደውም እሱ ነው። በአገራችን ሰውን ውሻ ብሎ መጥራት ምን ያህል እንደሚያቆስል ማንም ያውቃል። ሳይታሰብበት የተደረገ ጉብኝትም ልጁን "አካል ጉዳተኛ ማለት የሚያሳዝንና የሚደባበስ ነው" የሚል ትምህርት አስይዞ ሊሸኘው ይችላል። ያ ከሚሆን ዳማ ባትመጣ ይሻላል።

ስለዚህ ሰው ይቀድማል። ዳማ ከመምጣቷ ሳምንታት በፊት ልጆቹ ከአካል ጉዳት ጋር የሚኖር ባለሙያ ያገኛሉ፤ ልብስ ሰፊ ሊሆን ይችላል፣ በብሬል የሚያነብ መምህር ሊሆን ይችላል። የሚያወሩት ስለ ሥራቸው ነው። ልጆቹ ስለ እግር ወይም ስለ ዓይን ቢጠይቁ እንግዳው ሊመልስም ላይመልስም ይችላል። አንድ እንግዳ "እሱን ዛሬ አልነግራችሁም፤ ይልቅ ስለ ሲንገሬ ጠይቁኝ" ብለዋቸው ነበር። ልጆቹ ሳይከፋቸው ስለ ስፌት መኪናው ጠየቁ። አዋቂዎቹ ነን የተሸማቀቅነው።

ሁለተኛ፣ መምህራን "እንደ ዳማ" የሚል ንጽጽር ከአፋቸው አያወጡም። ልጅ ራሱ ቢያነሣው መልሱ ይህ ነው፦ "ጋሼ ሰው ናቸው፤ የሚፈልጉትን በአፋቸው ይነግሩናል። ዳማ መናገር ስለማትችል ነው ሁኔታዋን አይተን የምንገምተው።" ልዩነቱ ለአራት ዓመት ልጅ ይገባል። ብዙ አዋቂ ግን ይዘነጋዋል፤ በክራንች የቆመን ሰው ትቶ አብሮት ያለውን ወንድሙን "ምን ይፈልጋል?" ብሎ ይጠይቃል።

ሦስተኛ፣ ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. በደሴና በኮምቦልቻ አልፏል። አባቱ ወይም አጎቱ የተጎዳበት ልጅ ክፍላችን ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ከጉብኝቱ በፊት ቤተሰብን ለብቻ እናነጋግራለን። አይሆንም ያለ ቤተሰብ ምክንያት እንዲሰጥ አይጠየቅም።

እኛ ሙስሊሞች ነን። ልጃችን ውሻ ነክቶ እንዴት ይሆናል?

ደሴ ላይ ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ውሻ ግቢ ማስገባት አይቻልም። መንካት ግዴታ አይደለም፤ የማይነካ ልጅም ከጉብኝቱ የሚጎድልበት የለም። ዳማ ደርቃ ትመጣለች፤ ከግቢውና ከበረንዳው አታልፍም፤ መማሪያ ክፍል፣ መመገቢያና መኝታ ቤት አትገባም። ምራቋ እንዳይነካቸው ባለቤቷ ፊቷን ወደ ራሱ አዙሮ ይይዛታል። ልጆቹ ሲጨርሱ ሁሉም እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ።

በፊቅህ (በእስልምና ሕግ) በኩል መዝሀቦቹ፣ ማለትም የሕግ ትምህርት መንገዶቹ፣ እንደሚለያዩ እናውቃለን። ሻፊዒዎች የውሻን ምራቁንም እርጥብ ገላውንም ነጃሳ (ርኩስ) ይላሉ፤ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር መታጠብን ያዛሉ። ሐነፊዎች ምራቁን ነጃሳ ቢሉም በጸጉሩ ላይ ይለዝባሉ፤ ማሊኪዎች ከሁሉም ይለዝባሉ። እኛ ፈትዋ አንሰጥም፤ የምትከተሏቸውን ዑለማ ጠይቁና የወሰናችሁትን ንገሩን። አንዲት አያት ክፍላችን ድረስ መጥተው፣ ለተጠማ ውሻ በጫማው ከጉድጓድ ውኃ ቀድቶ ስላጠጣውና አላህ ምሕረት ስላደረገለት ሰው የሚናገረውን ሐዲስ ለልጆቹ ነግረዋቸዋል። ሳይነኩ መራራት እንደሚቻል ከእኛ ይልቅ በደንብ የገለጹት እሳቸው ናቸው።

የማይነኩ ልጆች ሥራ አላቸው። የዳማን ጆሮ፣ ጅራትና አፍ እየተመለከቱ "ደስ ብሏታል"፣ "ደክሟታል" ብለው የሚያሳውቁት እነሱ ናቸው። ውሻ ከደጅ እንዳያልፍ የሚሹ ክርስቲያን ወላጆችም ብዙ ናቸው፤ ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው።

በሽታስ? የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር እንዴት ትደፍራላችሁ?

ፍርሃቱ ተገቢ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰውን ከሚይዘው 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው፤ በተጠረጠረ እንስሳ ከተነከሱት ሰዎችም 40 በመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በሌላ በኩል በክትባት ፈጽሞ መከላከል የሚቻል በሽታ ነው። ዳማ በየዓመቱ ትከተባለች፤ የክትባት ካርዷ ቢሮ ተሰቅሏል፤ ጊዜው ካለፈ በአንድ ቀንም ቢሆን በሩ አይከፈትላትም።

የትል መድኃኒት በየ3 ወሩ ትወስዳለች፤ ጥሬ ሥጋና የሆድ ዕቃ አትበላም። ይህ ሁለተኛው ከምናስበው በላይ ይመለከተናል። በበዓል ሰሞን የታረደውን በግ ሳንባና ጉበት ለውሻ መወርወር ልማዳችን ነው፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ የውኃ ቋጠሮ የሚያበቅለው የትል ዓይነት ወደ ውሻ የሚገባው በዚሁ መንገድ ነው። ከውሻው ዓይነ ምድር ደግሞ ባልታጠበ እጅ ወደ ልጅ አፍ ይደርሳል። ዳማ ባትኖርም ይህን ልማድ ብንተው መልካም ነው።

አስም ወይም የጸጉር አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ አስቀድማችሁ አሳውቁን።

ልጄ ውሻ ሲያይ ያለቅሳል።

አይገደድም። መስኮት ላይ ሆኖ ማየት ይችላል፤ ሌላ ክፍል ሄዶ ሥዕል መሣልም ይችላል፤ "ጎበዝ ሁን፣ ወንድ አይደለህም?" የሚለው አይኖርም። ዳማ ሁልጊዜ በማሰሪያ ነው የምትያዘው፤ በአንድ ጊዜ ከጥቂት ልጆች በላይ አይቀርቧትም። ፈሪ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከጅራቷ በኩል ነው፤ ጥርስ የሌለበት ጎን ስለሆነ። የልጅ ሒሳብ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ውሻ ከማታየው በኩል ሲቀርቧት ስለምትደነግጥ ከጎን እንዲሆን እናስተምራለን።

አንድ ነገር ከእናንተ እንለምናለን። "ካልበላህ ውሻው ይበላሃል" ማለትን ተዉልን። ሰኞ ማታ የተባለውን ማክሰኞ ጠዋት እኛ ጋ ነው የሚያለቅሱት።

እንግዲህ የመንገዱንም ውሻ ሁሉ ሊደባብስ አይደል?

ይህ ዋናው ስጋታችን ስለሆነ ጊዜ የምንሰጠው ለእሱ ነው። የመንገድ ውሻ አይነካም። የሚበላ፣ የተኛ ወይም ቡችላ የምታጠባ ውሻም፣ የቤትም ቢሆን፣ አይነካም። ባለቤቱ አጠገቡ ያለ ውሻ ከሆነ ልጁ መጀመሪያ ባለቤቱን ይጠይቃል። ከተፈቀደለት ቆሞ ውሻው ራሱ እንዲቀርብ ይጠብቃል። ከቀረበ ደረቱን ወይም ትከሻውን እስከ ሦስት እየቆጠረ ደባብሶ እጁን ይሰበስባል። ውሻው ከቆየ ይቀጥላል፤ ከዞረ አበቃ። ትንንሽ ልጆች ጥርሱን ያወጣን ውሻ የሚስቅ አድርገው ስለሚያዩት ይህን በሥዕል እናለማምዳቸዋለን። አፍ መላስ፣ ያለ እንቅልፍ ማዛጋት፣ ፊትን ማዞር "ተወኝ" ማለት መሆኑንም ያውቃሉ።

የማያውቁት ውሻ ሲመጣባቸው አይሮጡም፣ አይጮኹም፣ ድንጋይ አያነሡም። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው፣ የጫማቸውን ጫፍ እያዩ እንደ ዛፍ ይቆማሉ። ድንጋይ አንሥቶ "ክላ!" ማለት በሰፈራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ውሻን ጠበኛ ከሚያደርጉት ነገሮችም አንዱ ነው።

ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አድርሱት። ጠበልም ሆነ የባሕል መድኃኒት የሚወስድ ካለ ይውሰድ፤ ክትባቱን ግን አይተካውም፤ ክትባቱ አይዘገይም።

ልጄ ታክሲ ውስጥ ወደ አንድ ሰው ጠቁሞ "እግሩ የት ሄደ?" ብሎ አሳፈረኝ። ምን ልበል?

እጁን መትቶ "ዝም በል!" ማለት የሁላችንም የመጀመሪያ ምላሽ ነው። ልጁ ከዚያ የሚረዳው ስለዚያ ሰው መናገር ክፉ ነገር እንደሆነ ነው፤ በሌላ ቀን ሰውየውን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። ድምፅን ዝቅ አድርጎ "አንዳንድ ሰው በአንድ እግሩና በክራንች ይሄዳል። በጣት መጠቆም ግን አይገባም፤ ሰላም በላቸው" ማለት ይበቃል። ሰውየው ከሰሙ ሰላምታ ሰጥታችሁ እለፉ፤ ረጅም ይቅርታ መጠየቅ ሰውየውን ይበልጥ ያሸማቅቃል። ከንፈር መምጠጥም ባይኖር መልካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 የዓለም ሰዎች አንዱ ከጉልህ አካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ይናገራል፤ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ እስኪደረስ ልጁ ብዙ ጊዜ ይጠይቃችኋል ማለት ነው።

ልጄ ራሷ አካል ጉዳት አለባት። ማሳያ ልትሆን ነው?

በፍጹም። መምህራን በስሟ ጠርተው ምሳሌ አያደርጓትም። እሷ ራሷ ልትናገር ከፈለገች ትናገራለች፤ ካልፈለገች እንደ ጓደኞቿ ትጫወታለች። ድምፅና ግርግር የሚከብዳቸው ልጆች ካሉ ሌሎቹ ከመምጣታቸው በፊት ዳማን ለብቻቸው እንዲያዩ እናደርጋለን።

ይህ ሁሉ እንደሚሠራ በጥናት ተረጋግጧል?

በከፊል። ልጆችና ውሾችን በትምህርት ቤት የተመለከቱ ጥናቶች ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወጥተዋል። ብዙዎቹ ጥቂት ልጆችን ለአጭር ጊዜ የተከታተሉ ስለሆኑ "ውሻ የነካ ልጅ ሩኅሩኅ ይሆናል" የሚል ካለ አትመኑት። እኛ የምንመዝነው በትንሽ ነገር ነው፦ ጓደኛው ሲወድቅ ሮጦ ከመጎተት ይልቅ "ላንሣህ?" ብሎ የሚጠይቀው ልጅ በዝቷል ወይ? በዝቷል ብለን እናምናለን፤ በቁጥር ግን አላስቀመጥነውም።

ለዳማስ አይከብዳትም?

ጉብኝቱ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ሣጥኗ በረንዳው ጥግ አለ፤ እዚያ ከገባች ማንም አይከተላትም፤ ይህን ደንብ ከሁሉ አጥብቀው የሚያስከብሩት ልጆቹ ናቸው። በሦስት እግር የሚሄድ ውሻ ክብደቱ ስለሚበዛበት መጋጠሚያዎቿ ቶሎ ይደክማሉ፤ ብስኩትና ዳቦ አታምጡላት።

የራሳችንን ውሻ ብናመጣስ?

አይቻልም።

ክፍያ አለው? ፈቃድስ እንዴት ነው የምንሰጠው?

ክፍያ የለም። የፈቃድ ቅጹ በልጁ ደብተር ውስጥ ይላካል። ሦስት ምርጫ አለው፦ ልጄ ይንካ፣ ልጄ ሳይነካ ይመልከት፣ ልጄ አይሳተፍ። ሳይፈረም የተመለሰ ቅጽ "አይሳተፍ" ተብሎ ይያዛል። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በጉብኝቱ ዕለት ጠዋትም ቢሆን ለክፍሉ መምህርት በቃል መንገር ይበቃል። ክረምቱ ሲገባ ግቢው ስለሚጨቀይ ጉብኝቱ ከሰኔ ጀምሮ ይቆማል።